ለመንዝ ሰው ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል?

ደክሞኛል። ገና ሳልጀምር የምናገረው ስጨርስ የምናገርበት አቅም ላይኖረኝ ስለሚችል ነው። እርሻ አላረስኩም፣ ድንጋይ አልፈለጥኩም፣ ከራቤል እስከ ዘመሮ በእግሬ አልመጣሁም። ያደከመኝ ላፕቶፕ መምረጥ ነው። አንድ ላፕቶፕ። ሚስቴ የሺ ለጎረቤታችን «እኔን ሊያገባ ሲመጣ እንኳ ይህን ያህል አላሰበም» ስትላት ሰምቻለሁ። እውነቷን ነው። ያን ጊዜ «ስትግል ምን ትሆናለች?» ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ዘመሮ ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። ግድግዳዋ ላይ ባሕርና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ሰቅያለሁ፤ የአገሬ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ፣ ዘንባባው ሥር ቀጥ ብሎ ቆሞ ይነሳል። አንድም ቀን «ይህ የማን አገር ነው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሰርግ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። መቅረጹ ቀላል ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ መቁረጡ፣ መቀጠሉ፣ ዘፈን ማልበሱ፣ ሙሽሮቹን በልብ ቅርጽ ውስጥ ማስገባቱ፣ ሲበሉ የተቀረጹ ሽማግሌዎችን ክብራቸው እንዳይነካ ማሳጠሩ። ይህን ሁሉ የምሠራበት አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ። ነበረኝ ያልኩት ስለሞተ ነው።

የሞተውም በሌላ በማንም ሰርግ ላይ ሳይሆን የሚስቴን ታናሽ እህት የብርቄን ሰርግ ሳቀናብር ነው።

ብርቄ የምትሠራው ደብረ ብርሃን ስለሆነ ባለፈው ጥር የተዳረችውም እዚያው ነው። አባቷ አባባ ሞገስ የሚኖሩት ግን ቀየት ነው፤ ያን ሰሞን ቀኝ ጉልበታቸው አብጦ መኪና ላይ መውጣት ቀርቶ ደጃፋቸው መድረስም አቃታቸው። እማማ አስካለም እሳቸውን ጥለው አልሄዱም። «ሰርጉ ይራዘም» ሲባሉ አባባ ሞገስ «ጠላ ከተጠመቀ በኋላ ለእኔ ጉልበት ተብሎ የሚቆም ሰርግ የለም፤ ዳሯት» አሉ። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከቤት የምትወጣው የአባቷንና የእናቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው። ብርቄ ምን አደረገች? የዚያን ዕለት ጠዋት ባዶ ወንበር አስመጣች፤ አባቷ የላኩላትን ጋቢ ወንበሩ ላይ ደረበች፤ ተንበረከከችና አባቷን እንደምትስም አድርጋ ሳመች። ምስሉ እዚያ ቦታ ላይ ይንቀጠቀጣል። ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እያለቀስኩ ነበር።

ይህን አባባ ሞገስ በወሬ ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማማ አስካለን ስልክ ያስደውላሉ። ሰላምታው ያልቅና «ልጄ፣ የብርቄ ነገር ደረሰ?» ይሉኛል። እኔም «እየደረሰ ነው አባባ» እላለሁ። የካቲት እየደረሰ ነው። መጋቢት እየደረሰ ነው።

«ያችን ወንበሩን የሳመችበትን ቁራጭ ብቻ በስልክህ ገልብጠህ ለምን አታሳያቸውም?» አለችኝ የሺ አንድ ቀን።

እንዲህ የምትል ሚስት ያለችው ሰው ስለት ማስገባት ነበረበት። እኔ ግን ተቆጣሁ። ባለሙያ ነኝ! ያልተቀነባበረ ቪዲዮ ለአማት ማሳየት ያልበሰለ ወጥ ማቅረብ ነው፤ የራሴን ስም በራሴ እጅ አላጠፋም አልኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱን ያለ ጥፋቱ ነው የሚሰድቡት።

ራቤል ከተማ አይሲቲ የሚያስተምር ደምሴ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ደወልኩለት።

«ለቪዲዮ ከሆነ ጌሚንግ ላፕቶፕ ግዛ» አለኝ።

«እኔ ጌም አልጫወትም።»

«አንተ ባትጫወትም ግድ የለም። ያንን ከባድ ጨዋታ እንዲችል ተደርጎ ስለተሠራ ጉልበት አለው፤ ሰርግ አያቅተውም።»

ይህች ወሬ በማን በኩል እንደሆነ እንጃ ቀየት ደረሰች። በቀጣዩ እሑድ አባባ ሞገስ «ልጄ፣ የጨዋታ ዕቃ ልትገዛ ነው አሉ። ጨዋታው ይደርሳል፤ የብርቄን አስቀድምልኝ» አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ። መንዝ ላይ በዚያ ወር ላብ ያጠመቀው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ደምሴ ሦስት ነገር መዝን አለኝ። ፕሮሰሰር፦ ይህ ሥራውን የሚሠራው አንጎሉ ነው። ስክሪን፦ ይህ ፊቱ ነው። ማቀዝቀዣ፦ ይህ ደግሞ አንጎሉ ሲግል የሚያበርድለት ማራገቢያና የአየር ማስወጫው ነው። «ሦስቱም ጥሩ የሆነለት የለም ወይ?» አልኩት። «አለ፤ ለእኔና ላንተ ዓይነቱ ግን አልተሠራም። አንዱን ታነሳለህ፣ አንዱን ትጥላለህ» አለኝና የክፍል ደወል ተደውሎ ሄደ።

እኔም ማንሳትና መጣል ጀመርኩ። ማታ ማታ ከስልኬ ላይ ስለ ላፕቶፕ የሚከራከሩ ሰዎችን አዳምጣለሁ። አንዱ «ፕሮሰሰር ብቻ እዩ» ይላል፤ አምነዋለሁ። ሌላው «እሱን የሚል አላዋቂ ነው፣ ስክሪኑ ደብዛዛ ከሆነ ምኑን ሠራኸው?» ይላል፤ እሱንም አምነዋለሁ። ሦስተኛው «ማቀዝቀዣው ደካማ ከሆነ ሁሉም ከንቱ» ሲል እተኛለሁ። እየቆየ ሕመሙ ሥር ሰደደ፤ ሰው ሁሉ ላፕቶፕ መስሎ ይታየኝ ጀመር። የሰንበቴ ማኅበራችንን ሰብሳቢ፣ ሙሴውን፣ ተመልክቼ «ፕሮሰሰሩ ግሩም ነው፣ ማቀዝቀዣ ግን አልገጠሙለትም፤ ሁለት ዋንጫ ጠላ ሲጨመርበት ይግላል» አልኩ በልቤ። ከዘመዶቼ መካከል ስክሪን ብቻ የሆኑ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሚያዝያ ላይ የሺ ጃኬቴን አቀብላኝ «ደብረ ብርሃን ሂድና ይዘህ ና። ሳትይዝ እንዳትመጣ» አለችኝ። ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ላፕቶፕ ተደረደሩልኝ። የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩ አንበሳ ነው፤ ስክሪኑ ግን የደነገዘ፤ ሰርገኛው ሁሉ በጉም ውስጥ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ስክሪኑ! ስክሪኑን አይቼ አፌን ከፈትኩ፤ ቀዩ ቀይ ነው፣ ነጩ ነጭ ነው፣ እንደ ደብተር ስስ ነው። «ስስ ስለሆነ ግን ይግላል» አለኝ ሻጩ፤ ይህን ስላልደበቀኝ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ሦስተኛው ማቀዝቀዣው የተመሰገነ ነው፤ ክብደቱ የወፍጮ ድንጋይ፣ ጎኑና ጀርባው ሁሉ የአየር ማስወጫ። ስክሪኑ ደህና፣ ፕሮሰሰሩም ደህና። በሕይወቴ «ደህና» የሚባል ነገር መርጬ አላውቅም እንጂ ይኸው ነበር መልሱ።

አንዱን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ሌላ ገዢ መጥቶ ገዝቶ ሄደ። ሌላ መጣ። በመጨረሻ ሻጩ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ «ወንድሜ፣ ለመሆኑ አገርህ የት ነው?» አለኝ።

«መንዝ።»

«መንዝ?» አለና በሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። «ታዲያ ለመንዝ ሰው ማቀዝቀዣ ምን ያደርግለታል? ሲግልብህ በሩን ክፈትለታ!»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። በውስጤ ግን «ይህ ልጅ የተናገረው ትልቅ ነገር ነው» አልኩ። ውሃ ጠዋት ረግቶ በሚገኝበት አገር ለማቀዝቀዣ ብሎ ድንጋይ መሸከም ምን ይሉታል? ደግሞስ ቪዲዮው ለማን ነው? ለአባባ ሞገስ። የሽማግሌ ዓይን ጥሩ ስክሪን ይፈልጋል። በዚህ ታላቅ ፍልስፍና ሁለተኛውን፣ ባለ ስክሪኑን፣ አቅፌ ተመለስኩ። መኪና ውስጥ ለማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀር አሳየሁ።

ሥራ ጀመርኩ። ላፕቶፑም ጀመረ፤ ማቃሰት። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እያጓራ። እጄን ባስጠጋ ፈጀኝ። ትንሽ ቆይቶ ሥራው ራሱ ተንቀራፈፈ፤ ብርቄ ደረጃ ስትወርድ አንዱን እግሯን አንስታ ሌላውን እስክታስከትል ሰው ቆሎ ቆርጥሞ ይጨርሳል። ደምሴ ጋ ደወልኩ።

«ሲግልበት ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል» አለኝ።

«በሩን ከፍቼለታለሁ!»

«አንተንስ ምን አደረገህ?»

ጉንፋን አድርጎኛል። በሩን ስከፍት እኔ እታመማለሁ፣ ስዘጋ እሱ ይታመማል። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይህ ነው። የተጠቀመችው የሺ ብቻ ናት፤ በጎኑ የሚወጣውን ትኩስ አየር አይታ የልጃችንን ካልሲ ማድረቂያ አደረገችው። ድመቷም ከምድጃው ለቃ እሱ ጋ ተዛወረች።

እንዲህ እያልን ሰኔ ገባ። አንድ እሑድ ስልክ ተደወለ። አባባ ሞገስ ናቸው። «ደህና ናችሁ?» አሉ። «ደህና ነን አባባ» አልኩና ጥያቄውን ጠበቅሁ። አልመጣም። «በሉ ደህና ሁኑ» ብለው ዘጉ።

የሺ ፊቷ ተለዋወጠ። «አልጠየቁህም?» አለች። «አልጠየቁኝም» ስላት ነጠላዋን ለመንገድ አወጣች። አባቷ ተስፋ ሲቆርጡ እንደማይናገሩ ታውቃለች። «ነገ እንሄዳለን። ካለቀ ያለቀውን፣ ካላለቀ ያላለቀውን ይዘህ» አለች። ማቀናበሩን ጨርሼ ነበር፤ የቀረው ሬንደር የሚሉት ነው፤ የተቆራረጠው ሁሉ አንድ ሆኖ የሚወጣበት። ላፕቶፑን የሚያግለውም ይኸው ነው። እዚያው ይወጣል አልኩ።

ቀየት ስንደርስ አባባ ሞገስ መደቡ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ዝም ብዬ ፈገግ አልኩላቸው፤ ፈገግታዬን አልመለሱልኝም። ተቀይመውኛል አልኩ። «እንደምን ዋሉ አባባ?» ስል ግን ፊታቸው በራ፤ «አንተ ነህ እንዴ! ግባ፣ ግባ» አሉ። ከራስጌያቸው ከዚህ በፊት አትሜ የላክሁላቸው የብርቄ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ተዘቅዝቆ። «አባባ፣ ፎቶው ተገልብጧል» አልኳቸው። «ምስማሩ እንዲያ ነው የሚይዘው» አሉ። የባለሙያ ዓይን አለኝ የምለው ሰውዬ ይህን ሁሉ አይቼ ምንም አላየሁም።

ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ሰካሁና ሬንደሩን አስጀመርኩ። የጎረቤት ለቅሶ ስለነበረ ሳይደርሱ መቀመጥ አይቻልም፤ እኔና የሺ ወጣን። እማማ አስካለን «እንዳይነካ፣ ብቻውን ይጨርሳል» አልኳቸው። «ማን ይነካዋል» አሉ።

ስንመለስ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ የለም። ባና ነው ያለው፤ ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራሙ የመንዝ ብርድ ልብስ፤ ሁለት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዝ ጠርዙ እንደ አራስ ልጅ ተሸጉጦ።

«እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ውይ ልጄ፣ እንደወጣችሁ ማቃሰት ጀመረ። እየቆየ ባሰበት። ዝም ብዬ ልየው? ቆላ የተሠራ ዕቃ ይሆናል፣ የእኛን ብርድ የት ያውቀዋል! ባና ደረብኩለት። መጀመሪያ ጮኸ፤ አሁን እፎይ ብሎ ተኝቷል።» ከዚያ ኩራት ባለው ድምፅ «እጅህን ከተት አድርግበት፣ እንዴት እንደሞቀው!» አሉ።

ከተትኩ። ሞቆታል። ዳቦ ይጋገርበታል። ሬንደሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግሎ ራሱን አጥፍቷል፤ እንደገና ከሀ ነው የሚጀመረው። አማት ላይ አይጮህም። እንደ ማሽላ እያረርኩ ሳቅሁ፤ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» አልኩ። ከዚያ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከጥር ጀምሮ ያለው ድካም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ማልቀስ አማረኝ።

«ያችን ቁራጭ ብቻ አሳያቸው» አለችኝ የሺ በቀስታ። በዚህ ጊዜ ግን አልተቆጣሁም።

በረድ ሲል አቅፌ ከፈትኩትና ቁራጯን አስጀመርኩ። ስለ ስክሪኑ መናገር አያስፈልገኝም፤ የጋቢው ጥለት ክሩ ይቆጠራል። እማማ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ማራገቢያው ግን እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ የብርቄ ድምፅ ከዱቄቱ ሥር ነው ያለው። አባባ ሞገስን አየኋቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገዋል፤ ፊታቸው ያለው ወደ ግድግዳው ነው። ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩ። ፊታቸው አልተከተለም።

«ይታይዎታል አባባ?»

«ይታየኛል፣ ይታየኛል» አሉ ግድግዳውን። ጥቂት ቆይተው «ብቻ ልጄ፣ ይህን የሚጮኸውን ዝም አታሰኝልኝም? ድምጿን ሸፈነብኝ» አሉ።

«አባባ፣ ወደዚህ ዞር ብለው...»

«ማየቱስ ይቅር» አሉ። «ከመስከረም ወዲህ ጥላ ጥላው ነው የሚታየኝ። የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ እግሬ ስለሚያውቀው ነው።»

የተገለበጠውን ፎቶ ቀና ብዬ አየሁት። ከዚያ እቅፌ ውስጥ ያለውን፣ ለሽማግሌ ዓይን ብዬ የመረጥኩትን ስክሪን አየሁት። አፈርኩ።

«አውቃለሁ» አሉ እማማ አስካለ ወደ ባላቸው ዞረው። «እንዳላውቅ ስለፈለግህ ነው ዝም ያልኩት።»

«ሞራ ይሆናል አባባ፣ ይገፈፋል፤ ነገውኑ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው!» አለች የሺ እያለቀሰች።

«ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ድምጿን» አሉ።

ያኔ ነው የሱቁ ልጅ ትዝ ያለኝ። ተነሳሁና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ውጭ ዝናቡ አባርቶ ያ አጥንት የሚሰብረው ንፋስ መጥቷል። ላፕቶፑን እስከ ገመዱ ጫፍ ወስጄ ደፉ ላይ አስቀመጥኩት። ንፋሱ ሥሩ ገባ። ማራገቢያው አጓራ፣ አጓራ፣ ቀነሰ፤ ከዚያ ጨርሶ ዝም አለ። እማማ አስካለ ባናውን ከጠረጴዛው አንስተው በመጨረሻ ለሚገባው ሰው፣ ለባላቸው፣ ደረቡ። አባባ ሞገስን ደግፌ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

«አባባ» አለች ብርቄ። ድምጿ ጥርት ብሎ ቤቱን ሞላው። «ጉልበትዎን ሳልስም ከቤት መውጣት እንቢ አለኝ። ወንበሩ ላይ እርስዎ ነዎት ብዬ ነው። ይመርቁኝ አባባ።»

ከዚያ ዝም አለች። ቪዲዮው ላይ ድምፅ የሌለባት ቦታ ናት።

«አሁን ምን ትሠራለች?» አሉ አባባ ሞገስ።

«ተንበርክካለች።»

«ልብሷስ?»

«ነጭ ነው። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ጋቢዎ ወንበሩ ላይ አለ። ጎንበስ አለች። አሁን ሳመችዎት።»

እጃቸው በባናው ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«የቱን ጉልበቴን?»

ወንበር ጉልበት የለውም። ያለው ጋቢ ነው። ወራት ሙሉ ስመዝን የኖርኩት ሰውዬ ይህችን ሳልመዝን መለስኩ፤ «ቀኙን ነው አባባ። የሚያምዎትን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልቤ ነግሮኝ ነበር። ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ እኮ ቀለል ብሎኛል» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን ንፋሱ ወደሚመጣበት አድርገው መረቋት፤ ውለጂ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ፣ እንደኔ ሽበት ይውረስሽ። እኛም በሩ ላይ ቆመን አሜን አልን።

ምርቃቱ ሲያልቅ ብርዱ እንዳይበረታባቸው ብዬ መዝጊያውን ያዝኩ።

«ተው ልጄ፣ አትዝጋው» አሉኝ። «አንዴ ድገምልኝ።»